እግዜር ይስጥሽ የጠባሴዋ ፋርማሲስት

ሰላም የደብረብርሃን ልጆች፣ እኔ እንዲህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም ግን ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አያስተኛኝም።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት፣ መሃል ሜዳ። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ ግን 50 አመት ሙሉ በኩበት ጭስ እንጀራ ጋግራለች፣ የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ በሩ ተዘግቶ ነው የሚጋገረው። ሳንባዋ ከታመመ ቆየ፣ በኋላ ልብሽም ደክሟል አሏት።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት አንድ ቦታ ወሰድናት፣ ስሙን አልጠራም። ቴዎፊሊን የሚባል ትንፋሽ የሚከፍት ኪኒን ሰጧት፣ አልተሻላትም፣ ተመልሰን ስንሄድ ካርዷን እንኳን ቀና ብለው ሳያዩ ዶዙን ጨመሩት። ከዛ ማስመለስ ጀመረች፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቡና መቅዳት አቃታት፣ እማዬ እኮ ናት ቡና መቅዳት ያቃታት! ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ሌላ ቦታ ሄድን፣ ኢንፌክሽን ነው ብለው ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ጨመሩበት፣ ጭራሽ ባሰባት። ሶስተኛው ደግሞ እድሜ ነው ጭንቀት ነው ብሎ በ2 ደቂቃ ሸኘን። ብሩ አይቆጨኝም፣ ያመናጨቋት ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ጸበልም ወስደናታል፣ እዛ እንኳን ያሉት አባት መድኃኒቷንም እንዳትተው ብለው ነው የመከሩን።

አንድ ቀን ማስመለሱን የሚያቆም ነገር ልግዛ ብዬ ጠባሴ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ገባሁ፣ እማዬ ውጪ ባጃጅ ውስጥ ናት። ልጅቷ ለማን ነው አለችኝ፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ አለችኝ፣ ፌስታሉን ሰጠኋት። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረችና ዝም አለች። "እናትህ የት ናቸው?" ብላ በነጭ ጋወኗ ባጃጁ ጋ ሄደች፣ "እናቴ ይፍቀዱልኝ" ብላ ተንበርክካ የእማዬን ካልሲ ዝቅ አድርጋ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንደሆነ ቀረ፣ ለካ እግሯ ውሃ ቋጥሯል። ያን እግር እኔ ስንቴ አጥቤዋለሁ፣ ተጭኜው ግን አላውቅም።

ከዛ አስረዳችኝ። ቴዎፊሊኑን ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ነው፣ ልብ ሲደክም ግን ወደ ጉበት የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ጉበቱም ስራው ይዘገያል፣ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ላይ በ8 ሰአት ገደማ ግማሹ የሚወጣው መድኃኒት እሳቸው ላይ ከዛ እጥፍ በላይ ሊቆይ ይችላል አለች። "ቤት ያለው እንግዳ ሳይሸኝ ሌላ እያስገባችሁበት ነው፣ ሲፕሮው ደግሞ በሩን ይዞባቸዋል።" ሌላም ብዙ አለች፣ እኔ አልገባኝም፣ እንግዳው ብቻ ነው የገባኝ።

የማስመለሱን ማስታገሻ አልሸጥልህም አለችኝ! ለመሸጥ የተቀመጠች ልጅ! የሚቀጥለውን ኪኒን እንዳትሰጣቸው፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው ብላ እማዬ የምትወስደውን ሁሉ ከነሰአቱ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም። ሆስፒታል ያየን ዶክተር ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና "ይሄን የጻፈው ማነው?" አለ። ቴዎፊሊኑም ሲፕሮውም ቆመ፣ ልቧን በማሽን ሲከታተሉ አደሩ፣ በ3ኛው ቀን ገንፎ በላች። አሁን የሚነፋ መድኃኒትና የእግሯን ውሃ የሚያሸና ኪኒን ነው ያላት፣ ቡናዋንም ራሷ ትቀዳለች።

ወገኖቼ ሳንባም ልብም ያመመው እናት አባት ያላችሁ፣ ያለውን ኪኒን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩዋት፣ ከሌላ ፋርማሲ የተገዛውንም ቢሆን ሳትቀሩ ሂዱ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፣ እሱን እሷም አጥብቃ ነው የምትናገረው። ስሜን አትጥቀስ ብላኛለች፣ ቦታው የጠፋበት በውስጥ ይጠይቀኝ።

እማዬ ከመንዝ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ አስመጥታ ወሰደችላት፣ አልቀበልም ስትላት "ካልወሰድሽማ እዚሁ ነው የማድረው" ብላ በሩ ላይ ቁጭ። ባናው አሁን የፋርማሲው አግዳሚ ወንበር ላይ ተነጥፏል፣ በሱ ታውቋታላችሁ።