ኮምቦልቻ ላለው ብዕር ሠሪ፦ እጅህ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ብዕር የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አባቴ ደሴ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ማመልከቻ እየጻፉ ነው እኛን ያሳደጉን። እንጀራችን ፓርከር 51 የምትባል የቀለም ብዕራቸው ነበረች። በስክሪፕቶ ሲጽፉ "እጄ አይፈታም" ይላሉ። አምና ፓርከሯ ወገቧ ላይ ተሰነጠቀች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ በሱፐር ግሉ አጣበቃት። ሙጫው ውስጧ ገብቶ የቀለሙን መንገድ ዘጋው፤ ጭራሽ ገደላት። ለዚህም ሙሉ ሒሳብ ተቀበለኝ። ሌላው አገላብጦ አያትና "በዚህ ዘመን በዚህ የሚጽፍ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ፤ ያውም አባቴ አጠገቤ ቆመው። "አዲስ እሠራልሃለሁ" ያለኝ ደግሞ ቀብዱን በላና ስልኩን ዘጋ። ስም አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሬዚን፣ ማለት ፈሳሽ ሆኖ ተቀላቅሎ ከሚጠነክር ፕላስቲክ፣ ብዕር የሚሠራ ልጅ አለ ያለኝ። አባቴን ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ቤቱ ጠባብ ናት፤ ቶርኖ (እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ በየቀለሙ የደረቀ ሬዚን። አባቴ ሬዚኑን ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። "ላስቲክ ነው እንዴ?" አሉ። ልጁ አልተቀየመም። "አባባ፣ የፓርከርዎ ገላም እኮ ፕላስቲክ ነው። ጥሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የኖረችው" አላቸው። አባቴ ዝም አሉ። አባቴን ዝም ያሰኘ ሰው ብዙ አላውቅም።

እኔ የማልረሳው ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው። የዋጋ ነገር ሳያነሳ ወረቀት ሰጣቸውና "እስቲ ስምዎን ይጻፉልኝ" አለ። ጎንበስ ብሎ ጣታቸውን አየ። አውራ ጣታቸው እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ልጁ ምንም አላለም። አንድ አሮጌ ብዕር አነሳና ፕላስተር ጠቀለለበት። "አሁንስ?" ይላል። ደግሞ ይጠቀልላል። "አብሽሩ አባባ፣ አንቸኩልም።" ቆይቶ አባቴ "እዚህ ላይ ተወው" አሉ። ልክ በዚያ ውፍረት ሠራላቸው።

አሠራሩን አስረድቶኝ ነበር፤ ግማሹ አልገባኝም። ሁለት ፈሳሽ ይቀላቀላል፣ ቀለም ይገባበታል፣ አረፋ እንዳይቀርበት በታመቀ አየር ይያዛል፣ ሲጠነክር ቶርኖ ላይ ወጥቶ ይቀረጻል። ብርድ ማድረቁን ያዘገየዋል አለ። ለካ የኮምቦልቻ ሙቀት ለዚህም ይጠቅማል! የፓርከሯን ኒብ (የሚጽፈውን ጫፍ) ወደ አዲሷ እንዲያዛውርልኝ ብለምነው "አይገጥምም፣ በከንቱ ገንዘብህን አልበላም" አለኝ። የገጠመውን ኒብም እሱ እንዳልሠራው፣ ከጀርመን የመጣ እንደሆነ ሳንጠይቀው ነገረን። ከእነዚያ ሁሉ በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያሳርፍ!

ብዕሯ ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም እንደሚተኛው ነጭ ነገር ተጋድሞባታል። ቀለሙን የመረጡት አባቴ ናቸው። አሁን የዕድሩን ደብዳቤ ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚጽፉት። ያልጠየቀ ጎረቤትም ይጻፍለታል፤ ምን ይደረጋል።

ርካሽ ነው አልልም፤ ወረፋም አለው። ግን ለምርቃትም ሆነ ለጡረታ ስጦታ የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ስትሄዱ የሚጽፍበትን ሰው ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እጁን ሳያይ አይሠራም። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሚሄድ ዝግ ነው።