ለ8 ወራት የተጠቀምኩበት የቤንዚን ጎማ

ግማሽ ሜትር ለማትሞላ፣ ቤንዚን ወደ ሞተር ለምታስተላልፍ ጎማ ግምገማ መጻፍ ሊያስቅ ይችላል። ባለቤቴ ግን አትስቅም። ክረምቱን በሙሉ መኪናችን ውስጥ በገባች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ነው የተጓዘችው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች ባለ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭባት፣ የቤት መኪና ናት። የቤንዚን ሽታው አንድ መስሎኝ ብዙ ደከምኩ፤ ለካ ሁለት ኖሯል። አንደኛው ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከኮፈኑ በኩል የሚመጣ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነው። ሁለተኛው ነዳጅ በሞላሁ ማግሥት ከኋላ ወንበር ሥር የሚወጣ ነው። ጋራዥ የምሄደው ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለነበር የመጀመሪያው ሽታ እስክደርስ ጠፍቶ ይቆያል። መካኒኩም "ጋሼ፣ መኪናዎ ደኅና ናት፤ አፍንጫዎ ነው" ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶኛል።

በሦስተኛው ራሴ ያዝኩት። መኪናዋን ሌሊት ውጭ አሳደርኩና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ እስከ መብራቱ ብቻ አዞርኩት። ያኔ ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ይሠራና መስመሩን በግፊት ይሞላዋል። ከዚያ በነጭ ሶፍት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጠረግሁ። ከብረት ቧንቧው ወደ ሞተሩ የሚያሻግረው አጭር ጎማ ጫፍ ላይ ሶፍቱ ረጠበ። ያረጀ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ያንጠባጥባል፤ ሲሞቅ ለስልሶ ይገጥማል። ከሰዓት በኋላ "ደኅና" የምትሆነው ለዚህ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተኝቶ ይሄዳል፤ በዚህ ፍተሻ ጊዜ ክብሪትም ሲጋራም በአካባቢው መኖር የለበትም።

ከመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ መጀመሪያ የገዛሁት "የቤንዚን ጎማ" የሚባለውን ነበር። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ርካሽ። ሽታው በዚያው ቀን ስለጠፋ ተኩራራሁ። ከሁለት ወር በኋላ ጎማው ላብ እንዳላበው ሰው ወዝ አወጣ፤ ሽታውም ተመለሰ። ላዩ ላይ የታተመውን ያነበብኩት ያኔ ነው፤ ኤስኤኢ 30አር7 የሚል የጎማ ደረጃ መለያ ነው። ይህ ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነ የካርቡራተር (የድሮው የቤንዚንና የአየር መቀላቀያ) መኪና የሚሆን ነው። ኢንጀክሽን ቤንዚኑን ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ስለሚገፋ የሚያስፈልገው 30አር9 ነው። ሻጩን አልወቅሰውም፤ "የቤንዚን ጎማ" አልኩት፣ የቤንዚን ጎማ ሰጠኝ።

የዛሬ 8 ወር የገጠምኩት ይህን 30አር9ን ነው። ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ያህላል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቧንቧው ላይ ለማስገባት ታግያለሁ። ከመፍታቴ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳሁት፤ በመስመሩ ያለው ግፊት እንዲወርድ ነው። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ይህን ዘሎ ጎማውን የሚጎትት ሰው ቤንዚን ዓይኑ ውስጥ ሊረጭበት ይችላል።

ከጎማው ጋር አብሮ የተሸጠልኝን ፋሸታ፣ ጎማውን ቧንቧው ላይ የሚያጠብቀውን የብረት ቀለበት፣ ግን አልወደድኩትም። ብረቱ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቀደደ ስለሆነ ሲጠብቅ ጎማውን ይበላል። በ3ኛው ወር ፈትቼ ሳየው የጥርሱ ምልክት ጎማው ላይ ታትሞ ነበር። ጫፉን ቆርጬ፣ ውስጡ ለስላሳ በሆነ የኢንጀክሽን ፋሸታ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጠዋት በሶፍት እፈትሻለሁ፤ ደረቅ ነው። ጎማው አልሰነጠቀም፣ አላበጠም፣ ወዝም አላወጣም።

የኋላ ወንበሩ ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህ ጎማ አይመለከተውም። ከወንበሩ ሥር ካለው ክዳን በታች፣ ፓምፑ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ የሚቀመጥበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እርሱ ሲቀየር አብዛኛው ሽታ ጠፋ። የቀረው የራሴ ጥፋት ነበር። ቤንዚን ሲጠፋና ሰልፍ ሲረዝም ማናችንም ብንሆን ቀጂውን "እስከ አፉ ሙላልኝ" እንለዋለን። መቅጃው ራሱ ከቆመ በኋላ የሚጨመረው ግን ትነቱን ወደሚያጠምደው የከሰል ጣሳ ሊፈስ ይችላል፤ ከሰሉ አንዴ በፈሳሽ ከራሰ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። አሁን መቅጃው ሲቆም አቆማለሁ። ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም።

ትልቁ ፈተና የአዳማ መንገድ ነበር። ከዚያ ሙቀት ተነስቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ በሰርባቶዮው ውስጥ ያለው ትነት ወደ ውጭ ይገፋል። ድሮ ደብረ ዘይትን ሳናልፍ መስኮት እንከፍት ነበር። ባለፈው ወር አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ባለቤቴ ነጠላዋን አላነሳችም። ቃሊቲ ስንደርስ ግን ከፊታችን ካለው የጭነት መኪና ጭስ የተነሳ አነሳችው።

ከሁለተኛው ግዢ የተረፈኝ 30 ሳንቲ ሜትር ጎማ አዲስ ትርፍ ፋሸታ ተጠምጥሞበት ኮፈኑ ሥር ሳይሆን ኋላ ሻንጣ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።