«ፎር ኬ ቲቪ ነው፣ ሞኒተርም ይሆናል» ሲሏችሁ ካርቶኑን አትመኑ

ወገኖች፣ ለኮምፒውተር ሞኒተር ይሆነኛል ብላችሁ ርካሽ ትልቅ ቲቪ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በትንሽ ሞኒተር ዋጋ ሰፊ ስክሪን ማግኘት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ ሻጮቹም ይህንኑ ስለሚያውቁ «ሁለት በአንድ» እያሉ ነው የሚሸጡት። ቲቪ ሞኒተር አይሆንም እያልኩ አይደለም፣ በደንብ የሚሆን አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ውስጥ ያለው ፓኔል (ምስሉን የሚያሳየው ስክሪኑ ራሱ) የማይገናኙበት እቃ በጣም በዝቷል፣ ሰውም እየተሸወደ ነው።

ዋናው ማታለያ «ፎር ኬ ሰፖርት ያደርጋል» የሚለው ጽሁፍ ነው። ሰው ሲያነበው ስክሪኑ ራሱ ፎር ኬ ይመስለዋል፣ ልክ ነው እንደዛ እንዲመስለው ነው የተጻፈው። ሰፖርት ያደርጋል ማለት ግን የፎር ኬ ሲግናል ሲላክለት ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፣ ከተቀበለ በኋላ አሳንሶ ባሉት ፒክስሎች (ምስሉን በሚሰሩት ትንንሽ ነጥቦች) ልክ ያሳየዋል። እውነተኛ ፎር ኬ ፓኔል 3840 በ2160 ፒክስል ነው፣ ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፣ «ኤችዲ ሬዲ» እየተባሉ ከሚሸጡት 32 ኢንቾች ደሞ ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው። ይሄ በሞኒተር ሲለካ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ተራ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 92 ፒክስል አለው፣ ያ 32 ኢንች ቲቪ ግን ወደ 49 ብቻ። ግማሽ ገደማ ነው። ሶፋ ላይ ሆኖ ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይታወቀውም፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በክንድ ርቀት ጽሁፍ ለሚያነብ ሰው ግን ጭንቅ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የሚውለው፣ እንደዚህ አይነቷን ገዝቶ አይኔ ደከመ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም እያለ ነበር። ሄጄ ጠጋ ብዬ ሳየው የኤክሴሉ መስመር አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጭራሽ የለም። 8 እና 6 ይምታታሉ። አማርኛማ የባሰ ነው፣ ቢ እና ቤ አይለዩም፣ እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ተደፍና ነጥብ ሆናለች። እሱ ግን «ዊንዶውስ እኮ 1920 በ1080 ነው፣ ሪኮመንድድ ይላል» አለኝ፣ እውነቱን ነው ይላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ ቲቪው «ይሄን እቀበላለሁ» ብሎ ስለራሱ የነገረውን ነው፣ ፓኔሉ ላይ ስንት ፒክስል እንዳለ ቆጥሮ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ ሴቲንግ ከፍቶ «ይኸው ራሱ ይናገራል» ቢላችሁ ማስረጃ አይደለም።

እሺ ፓኔሉ እውነት ፎር ኬ ሆነ እንበል። አሁንም አላለቀም። ኤችዲኤምአይ (የምስል ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ) 1.4 ብቻ ያለው ቲቪ ሙሉ ቀለም ያለውን ፎር ኬ የሚቀበለው በ30 ሄርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚታደሰው፣ ማውዙን ስታንቀሳቅሱት እየዘለለ እየተጎተተ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ በሱ መስራት ያታክታል። አንዳንዱ ደሞ 60 ሄርዝ ይላል፣ እውነትም 60 ነው፣ ግን በዛችው ጠባብ መስመር ለማሳለፍ የቀለሙን መረጃ ሩብ ድረስ ይቀንሰዋል፣ 4:2:0 የሚሉት እሱ ነው። ለፊልም ችግር የለውም፣ አይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን ነው አጥርቶ የሚያየው፣ ፊልሞችም በብዛት የሚመጡት በዚሁ አይነት ነው። ጥቁር ላይ ቀይ ጽሁፍ ስታስቀምጡበት ግን ፊደሉ ዳርዳሩ ይፈስና ጭጋግ ይሆናል። ለኮምፒውተር የምትፈልጉት ቀለሙ ምንም ያልተቀነሰበትን 4:4:4 ነው፣ ፎር ኬን በ60 ሄርዝ እንዲህ ለማሳለፍ ቢያንስ የኤችዲኤምአይ 2.0ን በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያስፈልጋል። ይሄን የሚችል ቲቪም ቢሆን አንዳንዴ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚችለው፣ ወይ ከሴቲንግ ውስጥ ካልተከፈተ አይሰራም፣ ስለዚህ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ጠይቁ።

«ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚል ስቲከር ብቻውን አያጽናናችሁ፣ 2.1 ላይ አዲስ የመጡት ነገሮች ግዴታ ስላልሆኑ ከ2.0 ያልተሻለ ቀዳዳም ያንን ስም ይዞ ሊሸጥ ይችላል። «ሞሽን ሬት» ምናምን ተብሎ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥርም የፓኔሉ ሄርዝ አይደለም፣ ስሌት ነው፣ 60 ሄርዝ ፓኔል ላይ 240 ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ሻጭ የሚያሳያችሁ ፍላሽ ላይ የጫነውን አበባና ባህር ነው፣ በሱ ምንም አትለዩም። ላፕቶፕና የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። እቤት ሆናችሁ አንድ ፒክስል ጥቁር አንድ ፒክስል ነጭ መስመር እየተፈራረቀ የሞላበት ምስል አዘጋጁ፣ ከጎኑ ደሞ ጥቁር ላይ ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ ጽሁፍ። ላፕቶፑን እነሱ ባሉት ሪዞሉሽን አድርጉት፣ የዊንዶውስ ስኬል 100 ፐርሰንት ይሁን፣ ምስሉም ሳይለጠጥ በ100 ፐርሰንት ይከፈት። ከዛ ስልካችሁን ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ አጉሉና አንሱ። ፓኔሉ እንደተባለው ከሆነ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ፣ ካልሆነ ግራጫ ይሆናሉ ወይም ሞገድ የመሰለ ነገር ይሰራሉ። ቀይዋ ጽሁፍ ከፈሰሰች ደሞ ቀለሙ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው። ግን ፍትሃዊ ለመሆን፣ ከመፍረዳችሁ በፊት የቀዳዳውን ስም ከሜኑው «ፒሲ» አድርጉት፣ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ፣ የምስሉ ዳርቻ ተቆርጦ ከታየም ኦቨርስካኑን (ምስሉን ለጥጦ ዳሩን የሚቆርጠውን ሴቲንግ) አጥፉ፣ በእነዚህ ብቻ የሚስተካከል ቲቪ አለ። ሻጩ መሞከር አይቻልም ካለ ትታችሁ ውጡ። «ገመዱ ነው» የሚለውንም በሌላ ገመድ ሞክሩትና አይታችሁ ወስኑ።

ጥሩ የሚሆነው የቱ ነው ላላችሁኝ፣ አምራቹ ራሱ በሞዴል ቁጥሩ ስር የፓኔሉን ሪዞሉሽን 3840 በ2160 ብሎ የጻፈለት፣ 43 ኢንች አካባቢ የሆነ (በኢንች ወደ 102 ፒክስል ይመጣል፣ ከዛ 24 ኢንች ሞኒተር ይበልጣል)፣ በ60 ሄርዝ 4:4:4 የሚያሳይ። ኦሌድ (እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚያበራበት ስክሪን) ከሆነ ግን ታስክባሩን ደብቁት፣ አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የማይንቀሳቀስ ምስል አሻራው ሊቀርበት ይችላል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ካርቶኑንና ደረሰኙን እንዳትጥሉ፣ ዛሬውኑ በመስመሯ ምስል ሞክሩት፣ ፎቶውን ካርቶኑ ላይ ካለው «ፎር ኬ» ጽሁፍ ጋር አብራችሁ ያዙና የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይዛችሁ ሂዱ። «ሰፖርት ነው ያልነው» ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ያኔ «የፓኔሉን ሪዞሉሽን ቁጥር ጻፉልኝ» በሏቸው።