በጣሊያን ከተሞች ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት አስመዝኑ

ወደ ሮም፣ ወደ ቬኒስ ወይም ወደ ፍሎረንስ ለጉብኝት የምትሄዱ ወገኖች፣ በታወቁት አደባባዮች ዙሪያ ባሉ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ የምታዩት ዋጋና በመጨረሻ የሚቀርብላችሁ ሒሳብ ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ አስቀድማችሁ ዕወቁ። ልዩነቱ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ ከተበላ በኋላ መከራከር ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋው የዓሣ ነገር ነው። ከዓሣው ስም ጎን 8 ዩሮ ተጽፎ አጠገቡ «ኤቶ» የሚል ቃል ካለ፣ ዋጋው የ100 ግራም እንጂ የምግቡ አይደለም፤ አስተናጋጁ በትሪ ይዞ የሚያሳያችሁ ሙሉ ዓሣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ቢመዝን፣ የ8 ዩሮ የመሰላችሁ ምሳ 96 ዩሮ ሆኖ ይመጣል። በፍሎረንስ የሚታወቀው ባለ አጥንት ትልቅ ጥብስም እንዲሁ በክብደት ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ስለማያንስም ለብቻ የሚታዘዝ አይደለም። ስለዚህ ዓሣውም ሆነ ሥጋው እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ዓይናችሁ እያየ እንዲመዘንና ጠቅላላ ዋጋው በወረቀት እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ተነሥቶ መውጣት ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቬኒስ አራት ጃፓናውያን ተማሪዎች ለጥብስ ሥጋ፣ ለተጠበሰ ዓሣና ለውኃ ከ1,100 ዩሮ በላይ መጠየቃቸው በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

«ኮፔርቶ» የሚባለው በእያንዳንዱ ተመጋቢ ላይ የሚታሰብ የመቀመጫ ክፍያ በሜኑው ላይ እስከተጻፈ ድረስ በብዙ ክልሎች ሕጋዊ ነው። ሮም የምትገኝበት የላትሲዮ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሕግ ከልክሎታል፤ እዚያ በምትኩ የዳቦ ሒሳብ ስለሚጨምሩ፣ ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ሳትነኩት ወዲያው መልሱት።

ማኪያቶ ለለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣና ጠረጴዛ ይዞ የሚጠጣ ሰው ለአንድ ዓይነት ቡና የሚከፍሉት የተለያየ ነው፤ በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ ከተቀመጣችሁማ ካፌዎቹ ለሚያሰሙት ሙዚቃ የሚታሰበው ክፍያ ብቻ የቡናውን ዋጋ ሊያክል ይችላል፤ ለነገሩ እግራችሁ ካልደከመ ሙዚቃው ከአደባባዩ መሐል ቆሞም በነፃ ይሰማል።

ሒሳቡ ሲመጣ የአገልግሎት ክፍያ ተካትቶ እንደሆነ ሳታዩ ጉርሻ አትጨምሩ፤ ካርዳችሁንም ከዓይናችሁ አታርቁ። ሕጋዊ ደረሰኝ አንሰጥም ካሉ ወደ ፋይናንስ ፖሊስ በ117 መደወል ይቻላል፤ ሜኑውንም ከማዘዛችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ለአቤቱታ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።