ላንጋኖ 2 ቀን (ነጥብ ከ10)፦ ሀይቁ 10፣ ድንኳኑ 9፣ ባንጋሎው 4

እሺ «ላንጋኖ የት እንረፍ» እያላችሁ ኢንቦክስ ያጨናነቃችሁኝ ሰዎች፣ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የሄድነው ባለፈው ወር ቅዳሜና እሁድ ነው፣ 11 ሰው ሆነን፣ እማዬ፣ እህቴ ከነባሏና ከ3 ልጆቿ፣ እኔና 4 ጓደኞቼ። የሎጁን ስም አልጽፍም፣ ማናጀሩ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠይቆናል፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ያረፉ ሰዎችን ስጠይቅ ግማሹ ተመሳሳይ ታሪክ ነው የነገረኝ፣ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይመስለኝም።

መኪናውን አንድ ሃይሩፍ ከነሹፌሩ ለ2 ቀን ተከራይተን ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና ማደሪያ ብለን ለ8 አዋቂ ስናካፍለው ለእያንዳንዳችን የወጣው ከአንድ የቦሌ እራት ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ «ውድ ነው» የምትሉ ሰዎች ብቻችሁን በራይድ አስባችሁት ነው እንጂ በቡድን ሲሆን ይቻላል። አንድ ምክር ብቻ፣ ሹፌሩ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኛ አልተነጋገርንም፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሎጁ ለሹፌር ክፍል የለኝም ሲል ሰውየው ባቱ ተመልሶ ሊያድር ነበረ፣ በስንት ልመና ነው የጥበቃዎቹ ክፍል ያስገቡት።

መንገዱ ላይ ብዙ አልልም፣ ከቱሉ ዲምቱ በፈጣኑ መንገድ፣ ከሞጆ ደግሞ አዲሱን ፈጣን መንገድ ይዞ እስከ ባቱ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተን 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባቱ ቁርስ እየበላን ነበረ። ድሮ እኮ መቂ ጋ ከሲኖትራክ፣ ከባጃጅና ከአህያ ጋሪ ጋር ስትጋፋ ግማሽ ቀንህ ያልቅ ነበር። ባቱ (እኔ አሁንም ዝዋይ ነው የምለው አፌ ለምዶብኝ) ሀይቁ ዳር ወርዳችሁ ዓሣ ሳትበሉ እንዳታልፉ። ዓሣ አጥማጆቹ እዛው መሬት ላይ ቆሮሶውን እየበለቱ፣ እነዛ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ጡረታ የወጣ ዘበኛ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የቆሙ ይመስል ተሰልፈው አንጀቱ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። የእህቴ ትንሹ ልጅ አንዱን ወፍ «ጋሼ» ብሎ ሰላም ሲለው ነው ሁላችንም በሳቅ የፈረስነው።

ሎጁ በር ላይ ስንደርስ ነው ፊልሙ የጀመረው። እማዬ ያው እናት ናት፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ከሰሉን ሳይቀር በፌስታል ቋጥራ ይዛለች። ጥበቃው ሻንጣ እያስከፈተ «ከውጪ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» አለ። እማዬ ደግሞ በጣም ረጋ ብላ «ልጄ፣ ዳቦ ምግብ ነው እንዴ? ዳቦ እኮ ስንቅ ነው» አለችው። ልጁ መልስ አጣ። «ማዘር እኔ እኮ ታዝዤ ነው» ብሎ ሪሴፕሽን ደወለ፣ ሪሴፕሽን ማናጀር ጠራ፣ 20 ደቂቃ ፀሀይ ላይ ቆመን መጨረሻ ላይ ዳቦው በነጻ አለፈ፣ ጀበናው ግን 300 ብር ተባለ። የጀበና ቻርጅ! ይሄ ሕግ ስልክ ስደውል ያልተነገረኝ፣ አድቫንስ በቴሌብር ስከፍልም ያልተነገረኝ ነው። ሕግ መኖሩ አይደለም ያናደደኝ፣ ቤታቸው ነው፣ መብታቸው ነው፣ ግን ብር ከመቀበላቸው በፊት ይንገሩና!

አሁን ወደ ማደሪያው። 2 ባንጋሎ ለእማዬና ለእህቴ ቤተሰብ ያዝን፣ እኛ 5ታችን የራሳችንን ድንኳን ተክለን ለቦታው ብቻ ከፈልን። የባንጋሎው ዋጋ የድንኳን ቦታውን ሰባት እጥፍ ነበረ። እና ምን ይመስላችኋል፣ ለሊቱን ሙሉ ደህና የተኛነው እኛ ነን። ባንጋሎው ፎቶው ላይ የሚያምረው ከውጪ ስለሆነ ነው፣ ውስጡ ሻወሩ በሶላር ነው ተብሎ ሙቅ ውሃ የለም፣ የአጎበሩ ቀዳዳ በፕላስተር ተለጥፏል፣ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩም ለሊት 6 ሰዓት ላይ ሲዘጋ ፋኑ ቆመና እህቴ ልጆቹን በካርቶን ስታራግብ አደረች። ቼክ ኢን 8 ሰዓት ነው ብለው ደግሞ ክፍሉን የሰጡን 9 ሰዓት ተኩል ነው። አጎበሩን በቀልድ አትለፉት፣ አካባቢው ወባ ያለበት ነው፣ የሚቀባ ነገር ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ድንኳኑ ግን... ግራር ስር፣ ከውሃው 30 እርምጃ ቢሆን ነው። ማታ ዚፑን ከፍተን ጭንቅላታችንን ብቻ አውጥተን ተኝተን ኮከብ ስናይ ከመሀላችን አንዱ (የባንክ ቤት ልጅ ነው፣ ስልኩ ከእጁ አይለይም) ለሁለት ሰዓት ያህል ስልኩን ሳያወጣ ዝም ብሎ ሲያይ፣ እኔ ልጁን ባውቀው ባውቀው እንደዛ ዝም ያለበትን ቀን አላውቅም። ራቅ ብሎ ጅብ ይጮሃል፣ ውሃው ዳር ላይ ቸፍ ቸፍ ይላል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ግን ጦጣ ቀሰቀሰን። ዚፑን ትንሽ ክፍት አድርገነው ነበር፣ አንዷ እጇን በቀዳዳው አስገብታ የእማዬን ድፎ ከነፌስታሉ ጎትታ ይዛ ግራሩ ላይ ወጣች። በር ላይ ያን ሁሉ ክርክር ያደረግንበት ዳቦ! እማዬ ከባንጋሎዋ ወጥታ ቀና ብላ አይታት «ብዪው፣ ቻርጅ አትጠይቂኝ እንጂ» አለቻት።

ሀይቁን ለማታውቁት፣ ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን ውስጡ ያለው በጣም ደቃቅ አፈር ወደ ታች ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው። እማዬ እግሯን ነክራ አይታ «ሻይ በወተት ነው እኮ» አለች፣ ከዛ ግን ማንም ሊያወጣት አልቻለም፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ አንድ ሰዓት ቆመች። ብዙ ሰው የሚመርጠው ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ነው፣ ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሀይቆች አንጻር ለመዋኘት ስሙ የወጣው በዚሁ ነው። እኛ የዋኘንበት ዳሩ ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ለልጆች ይመቻል፣ ግን ጠዋት ነው መዋኘት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ከምትገምቱት በላይ ይሆናል፣ የእህቴ ባል «ባህር ነው እንዴ» እያለ እየሳቀ ሲገባ አንድ ማዕበል መነጽሩን ይዞበት ሄደ፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ዋለ። ዋና ጠባቂ የሚባል ነገር አላየንም፣ ልጆች ካሏችሁ አንድ አዋቂ ተራ ገብቶ ይቁም።

ምግቡ... ሀይቅ ዳር ያለ ሎጅ ቅዳሜ ምሳ ላይ «ዓሣ አልቋል» ሲል ምን ትላላችሁ። አስተናጋጁ ልጅ ደግሞ ጨዋ ነው፣ አፍሮ መሬት መሬት እያየ «ከባቱ እየመጣ ነው» አለን። ባቱ! እኛ ጠዋት በልተነው ከመጣነው ቦታ! ጥብስ አዘዝን፣ 7 ሰዓት ያዘዝነው 8 ከ40 መጣ፣ ስጋው ደህና ነው አልዋሽም፣ እንጀራው ግን የትናንት ነው። ቢሉ ሲመጣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ያለ ታክስ ነው፣ ከታች በጉንዳን ፊደል ተጽፏል፣ 15 ፐርሰንት ቫት፣ በላዩ ላይ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ፣ ለ11 ሰው ሲደመር ልብ ያስደነግጣል። ሰርቪሱን ግን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ማታ ከባቱ ገዝተን የመጣነውን ቲማቲም በሚጥሚጣ ለውሰን በዳቦ በላን፣ የጉዞው ምርጥ እራት እሱ ነበር (ዳቦው ገና ጦጣዋ እጅ ሳይገባ)።

እሁድ ጠዋት አቢጃታ ሻላ ፓርክ ገባን፣ ይሄን ሳታዩ የምትመለሱ ሰዎች ይቆጨኛል ምክንያቱም ላንጋኖ ያደረ ሰው አስፋልቱን ብቻ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። በሩ አካባቢ ሰጎን አለ፣ ልጆቹ አበዱ። ከፓርኩ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ እሱ ነው ሻላ ዳር ያለውን ፍል ውሃ ያሳየን፣ እንፋሎቱ ከመሬት ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ የአካባቢው ሰዎች ይታጠቡበታል፣ በቆሎም ይቀቅሉበታል፣ እኛም ቀቅለን በላን፣ ጨው ጨው ይላል ግን አሪፍ ነው። ሻላ ራሱ ከላይ ቆማችሁ ስታዩት ሰማያዊ ነው፣ ላንጋኖ ያን ቡናማ ሆኖ ጎረቤቱ እንደዛ መሆኑ ይገርማል፣ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው አለን የፓርኩ ልጅ፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሀይቆች ሁሉ ጥልቁ።

አቢጃታ ግን አሳዘነኝ። ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት ጉዞ ስመጣ ውሃው የነበረበት ቦታ አሁን ነጭ የደረቀ ጭቃ ነው፣ ረጅም መንገድ በእግር ትሄዳለህ። ወደ ሀይቁ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ከላይ ከዝዋይ ጀምሮ ለመስኖ እየተሳበ፣ እዚህ ደግሞ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) እየተቀዳ ሀይቁ ሸሸ። ፍላሚንጎዎቹን ከሩቅ እንደ ሮዝ መስመር ነው ያየናቸው። ሹፌራችን «ወደ ውሃው ጠጋ በል» ስንለው ወርዶ መሬቱን በእግሩ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «እናንተ ትገፋላችሁ?» አለን፣ ልክ ነበረ፣ ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ስሩ ጭቃ ነው፣ ሌላ አንድ ፒክ አፕ እስከ ጎማው ሰምጦ ሰዎች እየቆፈሩ አየን። መኪናችሁን አትድፈሩበት።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ርዕሱ ላይ አለ። በድጋሚ እሄዳለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ባንጋሎ አልይዝም፣ ለእማዬ ፍራሽ ያለው ትልቅ ድንኳን እከራይላታለሁ፣ እሷ ራሷ ናት «እናንተ ጋ ይሻለኝ ነበር» ያለችው። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር በቴክስት አስጽፉ፣ የውጪ ምግብ፣ ጀነሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት፣ የሹፌር ማደሪያ፣ ዋጋው ከነታክሱ ይሁን አይሁን። በስልክ ያወራችሁት «ማን አለሽ» ይሆናል።

ስንመለስ ሆን ብለን በአሮጌው መንገድ መጣን፣ በፈጣኑ ከሄዳችሁ መቂን ስለምታልፉት ሽንኩርትና ቲማቲም በአዲስ አበባ ዋጋ ነው የምትገዙት። እማዬ አንድ ኩንታል ሙሉ ሽንኩርት አስጭና እግራችንን ሽንኩርቱ ላይ ሰቅለን ገባን። ቤት ስንደርስ ከመኪናው መጀመሪያ ያወረደችው ግን የከሰሉን ፌስታል ነው፣ ግማሹ ተርፏል፣ «300 ብር የተከፈለበት ነው» ብላ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው፣ ለሚቀጥለው።