ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አፕ፦ ለስብሰባ አሪፍ፣ ለቋንቋ ጥናት ግን...

የጓደኞቼን ወሬ (አስፈቅጄ ነው!) ቀድቼ ሰጠሁት። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ችግሩ ማሳመር ይወዳል፤ «እእእ» የለም፣ «ማለቴ» የለም፣ ሁለት ሰው እኩል ያወራበት ቦታ ላይ ደግሞ አንዱን ጭራሽ ዝም አሰኝቶታል። የዕለት ተዕለት ንግግርን የሚያጠና ሰው የሚፈልገው እኮ ይሄንኑ አፑ የጣለውን ነው! የንግግር ተመራማሪዋ ጌይል ጄፈርሰን ንግግርን ለመመዝገብ ባወጣችው የአጻጻፍ ስልት ከ0.2 ሰከንድ ያነሰች ዝምታ እንኳ በቅንፍ ውስጥ ነጥብ ሆና ትመዘገባለች። «ትመጣለህ?» ሲባል ወዲያው «አዎ» ያለና ትንሽ ቆይቶ «እእ... አዎ» ያለ ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ላይመጣ ይችላል። አፑ ለሁለቱም «አዎ» ብሎ ጻፈልኝ። በመጨረሻ ድምፁን እየመለስኩ ራሴ ጻፍኩት፤ የአምስት ደቂቃ ወሬ ግማሽ ቀኔን በላው። ለቃለ ጉባኤ ከሆነ ግን ግዙት።