ቮልስ ወይስ ሚኒ?

«አሮጌ ትንሽ መኪና ልገዛ ነው፤ ቮልስ ይሻላል ሚኒ?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ አልቋረጥ ብሏል። መልሴን ላስቀድም፦ ቮልስ። ሚኒ መንዳት ደስ እንደሚል ግን አልክድም።

የጉልበቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። የመጀመሪያው ሚኒ 848 ሲሲ ነው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠራው ቮልስ 1200። የፈረስ ጉልበታቸው ግን እኩል 34 ነው። ሚኒ ቀለል ስለሚል ፈጠን ይላል፣ ኩርባ ላይም መንገዱን ነክሶ ይይዛል። ኩፐር ኤስ የሚባለው ጉልበታሙ የሚኒ ዓይነት በ1964፣ በ1965 እና በ1967 እ.ኤ.አ. የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈው በዋዛ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋ። ሻጩ የሚጠራውን ማለቴ አይደለም። የሁለቱም ሞተር ቀላል ነው፣ ዕቃም አይጠፋለትም። ኪስ የሚያራቁተው ዝገት ነው። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትቶ ሌላ ማሰር ነው። የሚኒ የፊት ፓራፋንጎ ግን ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው። ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል፤ የእጅ ዋጋው ከላሜራው ይበልጣል። ለቮልስም ቢሆን ርካሽ ኮፒ አትግዙ። ላሜራው ስስ ነው፣ ቀዳዳውም ከቡሎኑ ጋር አይገጥምም። በሞረድ ስትፍቁ ትውላላችሁ።

የሚኒ ካምቢዮ ከሞተሩ ስር ተቀምጦ አንድ ዘይት ይጋራል። ማርሹ መጮህ ከጀመረ ሞተሩ ተያይዞ ይወጣል፣ ሒሳቡም አብሮ። የቮልስ ሞተር የተያዘው በአራት ቡሎን ነው። ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው። ሚኒ ደግሞ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ከፊት ግሪል ጀርባ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ላይ ውሃ ሲረጭበት ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። የላስቲክ መከለያ ከሌለው ግዙለት።

ፎርጅዱም የበዛው ሚኒ ላይ ነው። አንድ ሻጭ «ኩፐር ኤስ» ብሎ ያሳየኝ ተራ ሚኒ ነበር። ሞተሩ ኦስቲን ሜትሮ ከሚባል ሌላ መኪና የወጣ ነው፣ አርማው ተለጥፎበታል። የተጠራው ዋጋ ግን የእውነተኛው ነበር! የሻንሲ ቁጥሩን እንግሊዝ ያለው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ከሚሰጠው ማስረጃ ጋር ሳታመሳክሩ ለዚያ ስም ሳንቲም አትጨምሩ።

ቮልስ ስታዩ መጀመሪያ ጎንበስ በሉ። ከበሩ ስር የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት ሳጥን አለ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉበት። ካልያዘ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው። ሳጥኑ ከበሰበሰ ብየዳው ከሚኒ አይተናነስም፤ ሻጩ ግማሹን ቢቀንስላችሁም ተዉት። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንሱ። ባትሪው እዚያ ነው። ክዳን ከሌለው ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መኪናውን ከመንዳታችሁ በፊት ክዳን አድርጉለት፣ የተሰነጣጠቀ የቤንዚን ጎማ ካለም ቀይሩ።